የአባባ ወገብና የኋላው ሾክ

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ከቸርች መልስ አባባን ከኋላዬ አፈናጥጬ አገር ቤት ለመድረስ ተነሳን። ሞተሩን ከሻጩ ካወጣሁት ሳምንት አልሞላም። የገዛሁትም ለአባባ ብዬ ነው። ከወልቂጤ እስከ አገና ሚኒባስ ሞልቷል። ከአገና በላይ ወደኛ ሰፈር የሚያወጣው ኮረኮንች ግን ክረምት ላይ ከሞተር በቀር ምንም አይገባበትም። አባባ ደግሞ ሰባን አልፏል፣ በእግሩ አይዘልቀውም።

በመስከረም ግን የግድ መውጣት አለበት። አምና አያቴን ቀብረን ሐዘን ላይ ስለነበርን መስቀልን ዝም ብለን ነው ያሳለፍነው። እስከዚያ በሬው ሲታረድ የምትመርቀው እሷ ነበረች። ከእንግዲህ የቤቱ ታላቅ አባባ ነው። እሱ ካልተገኘ ታናሹ ጋሼ ሳህሌ አፉን አይከፍትም። በኛ ቤት ታላቅ በሕይወት እያለ ታናሽ አይመርቅም፣ ያልተመረቀ ሥጋ ደግሞ አይቀመስም። እኛ ጴንጤዎቹ ደመራው ላይ ባንቆምም ምርቃቱና ክትፎው ላይ ቀልድ አናውቅም።

አገናን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን አባባ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "መልሰኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ" አለ። እውነቱን ነው፣ ሞተሩ ድንጋይ ነው። ጠጠር በረገጠ ቁጥር ሁለታችንንም ከወንበሩ ያነሳናል። የኋላው ሞላ ንቅንቅ አይልም። መለስኩት። ቤት ገብቶ ተኛ።

ሳልፈትን ገዛሁ። ቀለሙን አይቼ። ጅል ነኝ።

ሐምሌ 15

ሻጩ ጋ ሄድኩ። ያረጋል ይባላል። ሲሸጥልኝ ማኪያቶ አዝዞ "ወንድሜ" ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ዛሬ "ጌታዬ፣ ምን ነበር?" አለኝ። ሾኩ አይሠራም አልኩት። ወንበሩን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገና አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲያረጅ ይለሰልሳል አለ። እስከዚያ አባቴም ያረጃል አልኩት። እሱ ሳቀ።

ዋስትናውን አነሳሁበት። ዋስትናው ሞተሩን እንጂ ሾኩን አይመለከትም አለ። ሾኩ ታዲያ የጎረቤት ነው?

ብዙ ካፋጠጥኩት በኋላ እውነቱ ወጣ። እዚህ አገር አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሰውና የቆጮ እስር ስለሚጫን፣ ከመጋዘን ሲወጣ የሁሉንም ሞላ እስከ መጨረሻው ያጠብቁታል። "ሰው ሁሉ ያመሰግነናል። የከሰስከን አንተ የመጀመሪያው ነህ" አለኝ። ይላላል ማለት ነዋ አልኩት። ይላላል አለ። በል አላላልኝ። ቴክኒሻኑ የለም። መቼ ይመጣል? ይደውልልሃል።

ሐምሌ 19

አልደወለም።

ሐምሌ 21

ባለቤቴ ሕይወት ከኔ ትሻላለች። የሞተሩን ወንበር አንስታ ከሥሩ አንዲት የላስቲክ ቦርሳ አወጣችና "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። ከውስጡ ማጭድ የመሰለች ቆልማማ ቁልፍ ወጣች። የሾኩን ሥር ጎንበስ ብዬ ሳየው ሞላው የተቀመጠበት ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። ቁልፏ ጥርሱን ይዛ ቀለበቱን ታዞራለች፣ ወደ ላይ ሲወጣ ሞላው ይጠብቃል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይላላል። ነገሩ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ያ ሰውዬ ቴክኒሻን የሚያስጠብቀኝ።

ሁለቱንም ጎን አወረድኳቸው። ሕይወትን አስቀምጬ እስከ ጉብሬ ደርሰን መጣን። "አልጋ ሆነ እኮ" አለች።

ለአባባ የምሥራቹን ነገርኩት። እንደጠበቅኩት አልተደሰተም፣ ወገቡ አልተሻለውም መሰለኝ። በምን እንዳላላሁት ግን ጠየቀኝ። ቁልፏን ሰጠሁት። ዕድሜ ልኩን የልብስ ስፌት መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነውና እያገላበጠ ሲያያት ቆየ። ጥሩ ብረት ነው አለ።

ሐምሌ 24

ጉድ ነው። አባባን ለሙከራ እዚሁ ከተማ ውስጥ ላዙረው ብዬ ገና ከግቢ ሳንወጣ ድንጋይ! ወርጄ ባየው ቀለበቱ እላይ ጫፍ ላይ ወጥቷል። በሁለቱም ጎን።

ቁልፏን ፈለግኩ። ቦርሳው ውስጥ የለችም። የት ጣልኳት? አባባ "ተወው ልጄ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ የኔ ወገብ ነው" እያለ ወደ ቤት ገባ። አንጀቴን በላው።

ሐምሌ 28

ያረጋል ስልክ አያነሳም። በሌላ ሰው ስልክ ስደውል ወዲያው አነሳ፣ ድምፄን ሲሰማ ኔትወርኩ ተቆረጠበት። ሱቁ ስሄድ ቀለበቱ ተንሸራቶ ከሆነ የፋብሪካ ጉዳይ ነው፣ ዋናው ወኪል ቡታጅራ ነው፣ እዚያ ሂድ አለኝ።

ነሐሴ 6

ቡታጅራ ደርሼ መጣሁ። የተቀመጥኩበት አሁንም ያመኛል።

መግቢያው ላይ ፈትሂያ የምትባል ልጅ አለች። ሰላምታዋ ጥሩ ነው፣ ከሰላምታው በኋላ ግን ምንም የለም። ከወልቂጤው ሻጭ ደብዳቤ አምጣ አለችኝ። ወልቂጤ ናቸው ወደዚህ የላኩኝ አልኳት። እሱማ ልክ ነው፣ ደብዳቤውን ግን ይዘህ መምጣት ነበረብህ። ያረጋል ጋ ደወልኩ። አላነሳም። ራሷ ደወለችለት፣ ለሷ አነሳ! ሲስቁ ቆዩና "አላውቀውም ይላል" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። መጮኼን አልክድም። ጩኸቴን ሰምቶ የጥገናው ኃላፊ ከውስጥ ወጣ፣ ሙባሪክ ይባላል። አሁን ወደ ዙህር ሶላት መሄዴ ነው፣ ስመለስ አየዋለሁ አለ። ሲመለስ ምሳ ሆነ። ከምሳ በኋላ የሌላ ሰው ሞተር። በመጨረሻ መጣና የራሱን ቆልማማ ቁልፍ አውጥቶ እንደ ቀልድ ሁለቴ ሲያዞር አለቀ። ይህችን ቁልፍ ሽጥልኝ አልኩት። ለብቻዋ አትሸጥም፣ ከሞተር ጋር ነው የምትመጣው አለ። ቁልፍ ከፈለግኩ ሌላ ሞተር ልግዛ ማለት ነው።

በጉመር በኩል ስመለስ አረቅጥ ላይ ዝናብና ጭጋግ ተቀበለኝ። ሞተሩ ግን ያለ ነቀፋ ሄደ። ጉድጓዱን ሁሉ እየዋጠ። ዛሬ እንኳን ደህና ተኛ እላለሁ ለራሴ።

ነሐሴ 7

እንደገና ጠብቋል!

በአንድ ሌሊት። ማንም ሳይነዳው። ግቢ ውስጥ እንደቆመ። ሕይወት "የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ" ብላ ሳቀችብኝ። ለሞተር ይተረታል እንዴ? አልሳቅኩላትም፣ ቁርሴንም ትቼ ወጣሁ።

አባባ በጠዋት ተነስቶ እጁን በሳሙና ሲፈትግ ነበር። የግቢውን በር ማጠፊያ ግራሶ ቀባሁት አለኝ። ያንን ሁሉ የወገብ ሕመም ይዞ ለቤቱ ያስባል፣ እኔ ግን አንድ ሾክ ማስተካከል አቃተኝ። በሩ አሁንም ይጮኻል።

ነሐሴ 14

ሱቄ ውስጥ ራስ የሚያዞር ሥራ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ከአሁኑ ማስገባት አለብኝ፣ የፎቶ ኮፒው ማሽን ደግሞ ወረቀት እየዋጠ አስቸገረኝ። እሱም ሻጩ ስልክ አያነሳም። ሁሉም አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት።

ጋሼ ሳህሌ ከአገር ቤት ደወለ። በሬውን ገዝቷል። "ጋሼ ይመጣል አይደል?" አለ፣ አባባን ማለቱ ነው። ስልኩን ለአባባ ስሰጠው ተኝቷል በለው አለኝ። ቆሞ ነበር።

በመካከላቸው የነበረው ነገር እኮ አልፏል። አምና አያቴ ስትሞት ዝናቡ ሌት ተቀን ነበር። አባባ ከአገና በጭቃው እየወደቀ እየተነሳ ሲወጣ ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘው። ጋሼ ሳህሌ ሳይጠብቀው ቀብሯት ነበር። የበኩር ልጇ እናቱን አፈር አላለበሰም። ያኔ አባባ ለወራት ስሙን አላነሳም። ዘንድሮ ለፋሲካ ግን ቸርች ውስጥ ቆሞ "ወንድሜን ይቅር ብያለሁ" አለ፣ ሁላችንም አለቀስን፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አለቀ። አሁን የቀረው ወገቡ ነው። ወገቡም ሳይሆን ሾኩ።

ነሐሴ 20

ሙባሪክ ዛሬ ስልኩን አነሳ፣ ሳያየው ተጭኖት ይሆናል። ቀለበቱ በራሱ እየተንሸራተተ ነው፣ አዲስ ሾክ ቀይርልኝ አልኩት።

"ስማ ወንድሜ" አለኝ፣ "ቀለበት ቢንሸራተት ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሞላው እየገፋው እንዴት አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል? ወላሂ እኔ እንዲህ ያለ ሾክ አላየሁም።"

ውሸታም ነህ አልኩት። የሰው አባት አልጋ ላይ ጥላችሁ ታላግጣላችሁ አልኩት። ዘጋው። እኔ ስለ ሞላ የሚያስተምረኝ ሰው አላጣሁም፣ የሚያስፈልገኝ የሚቀይርልኝ ነው።

ነሐሴ 27

አባባ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በርጩማውን ከሞተሩ አጠገብ አድርጎ ይቀመጣል። ወገቡን ሙቀት ይሻለዋል ይላል።

ጳጉሜ 3

ከጉልት የመለዋወጫ ነጋዴ ሌላ ቁልፍ ገዛሁ። ጥርሱን ስቶ ጣቴን ላጠኝ። መጠኑ አይደለም። ጣልኩት።

ጳጉሜ 5

ከሕይወት ጋር ተጨቃጨቅን። ሞተሩ አጠገብ ተንበርክኬ ጭቃው ውስጥ ያቺን ቁልፍ ስፈልግ መጥታ ከላዬ ቆመች። "ቁልፏን ውጭ አትፈልጋት" አለችኝ። ታዲያ የት ልፈልጋት? "እኔ ምን አውቃለሁ" ብላ ገባች። ይኸው ነው። በነገር ትወጋኛለች እንጂ ጎንበስ ብላ አትፈልግልኝም። በኋላ ኃይለ ቃል ተናገርኳት፣ አሁን ቆጨኝ። ቡታጅራ ላይ ያልወጣልኝን ንዴት ቤቴ ይዤ እየገባሁ ነው።

መስከረም 3

አዲሱ ዓመት ገባ። የተማሪ ወረፋ እስከ መንገድ። ያረጋል ራሱ ለልጁ ደብተር ሊገዛ መጣ! ልሸጥለት ፈልጌ አልነበረም። "ቴክኒሻኑ አልደወለልህም?" አለኝ፣ ዐይኑን ሳያሽ። ሕይወት ናት ያስተናገደችው።

መስከረም 8

አባባን በቀጥታ ጠየቅኩት። ሞተሩ እንደምንም ቢስተካከል ትሄዳለህ ወይ? "ሲስተካከል እናያለን" አለ። ኮንትራት መኪና እስከ አገና፣ ከዚያ በቅሎ ብንፈልግስ? በቅሎ ከሞተር ይብሳል አለ። ቃሬዛስ ልለው ነበር፣ ያዝኩት።

ለጋሼ ሳህሌ ደውዬ አባባ የሚመጣ አይመስለኝም፣ ወገቡን አሞታል አልኩት። "እንግዲያ እኔ ልውረድ" አለ። "መጥተህ ውሰደኝ። በሬው ይቆየናል።"

መስከረም 12

የዛሬውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም።

በጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ወጣሁ። እንደ ልማዱ ጠብቋል፣ ቁልፍ የለም፣ ከሾክ ጋር የምታገልበት ጊዜም አልነበረኝም። አገር ቤት ስደርስ ጋሼ ሳህሌ ጀፎረው ላይ፣ በቤቶቹ ፊት ባለው ሰፊ ሣር ላይ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ይጠብቀኛል። ወንድሙን ያየው የቀብሩ ዕለት ነው፣ ከዚያ ወዲህ በስልክ እንኳ አልተነጋገሩም። ሞተሩ እስከ አገና ብቻ ያድርስህ፣ ከዚያ ሚኒባስ አሳፍርሃለሁ አልኩት። እምቢ አለ። "ጋሼ የተቀመጠበት ላይ ተቀምጬ ልየው" አለኝ። "እውነት የሚጎዳ ከሆነ እኔም ይጉዳኝ።"

ጎዳው። አቤት ሲጎዳው! እስከ አገና "ኧረ በጌታ" ሲል ነበር፣ ከአገና በኋላ ድምፁም ጠፋ። ቀስ ብዬ ብነዳም፣ ብቆምም፣ ዋጋ የለውም። ደግሜ ሚኒባስ ልፈልግልህ ብለው ራሱን ነቀነቀ። ግቢ ስንገባ እግሩን ከሞተሩ ማንሳት አቃተው። እኔና ሕይወት ግራና ቀኝ ይዘን አወረድነው። ጎብጦ ቀረ፣ ቀና ማለት አልቻለም።

አባባ በር ላይ ቆሞ ነበር። እንደሚመጣ አልነገርነውም።

ጋሼ ሳህሌ እንደጎበጠ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ አየው። "ጋሼ፣ እውነትህን ነው" አለ። "ይሄ ነገር ለሰው አይደለም። እኔ ደግሞ ላለመምጣት ሰበብ ፈጠረ ብዬ ለሰው ስናገር ነበር። ሐሜተኛ ነኝ፣ ይቅር በለኝ።"

አባባ ወንድሙን አየው፣ ወገቡን ደግፎ የያዘበትን እጁን አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ከደረጃው ወረደና እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ቁልፏን አወጣት። ያቺን ቆልማማ ቁልፍ። ሐምሌ የጠፋችውን።

"ሰበብ ነበር" አለ። "እኔ ነኝ የማጠብቀው።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኸው ነው። ግራሶው፣ በርጩማው፣ የሚጮኸው በር ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። ሕይወትን ዞሬ አየኋት፣ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። ታውቅ ነበር!

"ቸርች ቆሜ ይቅር ብያለሁ ያልኩት በአፌ ብቻ ነው" አለ አባባ። "ሰዎቹ ሲያጨበጭቡልኝ ቃሌን ማጠፍ አፈርኩ። እንዲህ ባለ አፍ አንተን እንዴት ልመርቅህ? በእናታችን ቤት ቆሜ እንዴት ልዋሽ? ወገቤ ቢባል ይሻላል ብዬ ነው።"

ጋሼ ሳህሌ ዝናቡ ጉድጓዱን በውኃ ሊሞላው ነበር፣ ሰውም ብርድ ላይ ቆሞ ነበር እያለ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

"አላሰብኩህም ጋሼ" አለ። "ሌላ ምንም የለም። የማስበው ስለ ዝናቡ ብቻ ነበር፣ አንተን አላሰብኩህም።"

አባባ ይህን ነበር መሰለኝ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው። የዝናቡንማ ምክንያት ከስንት ሰው ሰምቶታል። ከሞተሩ ሥር ቁጢጥ አለ፣ ያ የሚታመም ወገብ እጥፍ ብሎ። በሁለቱም ጎን ቀለበቱን እታች ድረስ አወረደው። ሲያለቅስ ስለነበር ቁልፏ አንዴ አምልጣው መሬት ወደቀች። ያነሳለት ጋሼ ሳህሌ ነው፣ ጎንበስ ማለት አይቸግረውም፣ እንደጎበጠ ነበር።

"በል ተቀመጥበትና ሞክረው" አለው አባባ።

"እኔ ከዛሬ ወዲያ እዚህ ነገር ላይ አልቀመጥም" አለ ጋሼ ሳህሌ። ሕይወት ሳቀች፣ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከንዴትም ከምኑም። ክረምቱን ሙሉ ስሮጥ የከረምኩት ለሾክ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አባቴ አጠገብ በርጩማ አድርጌ አልተቀመጥኩም።

በኋላ ሕይወትን ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አማቴ ናቸው፣ ሰረቁህ ብዬ ልንገርህ? አለችኝ። ስለዚያን ቀኑ ኃይለ ቃል ይቅርታ ጠየቅኳት።

መስከረም 13

ለሙባሪክ ደወልኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፣ ቀለበት ወደ ላይ አይወጣም ያለው ልክ ስለነበረ። ሦስቴ ደወልኩ። አያነሳም።

መስከረም 18

ከአገር ቤት ተመለስን። አሁን ነው መጻፊያ ጊዜ ያገኘሁት።

ጋሼ ሳህሌን በሚኒባስ አስቀድመን፣ እኔና አባባ በሞተር ወጣን። ከአገና በላይ ዳገቱ ላይ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ወገብህ ነው? አልኩት። አይደለም፣ ቁም አለኝ። አምና ከቀብር የሚመለሱትን ያገኘው እዚያ ጋ ነው። ሐምሌም መልሰኝ ያለኝ እዚያው ነበር፣ አሁን ገባኝ። ወርዶ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መጥቶ ተቀመጠና እንሂድ አለ።

የእርዱ ዕለት ሁለቱ ብቻቸውን ወደ እናታቸው መቃብር ሄዱ። ሲመለሱ የአባባ እጅ አፈር ነበር፣ እንዲታጠብ ውኃ ያፈሰሰለት ጋሼ ሳህሌ ነው። ከዚያ ሁላችንም ቆመን አባባ መረቀ። የእናቱን ስም አነሳ። ወንድሙን በስሙ ጠርቶ፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ እንሰቱን መረቀለት፣ ጋሼ ሳህሌ አንገቱን ደፍቶ "አሜን፣ አሜን" ይል ነበር። ያለፈውን ዓመት ሁሉ ሊያካክስ ይመስል ምርቃቱ አላልቅ አለ፣ ልጆቹ ሥጋውን ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ ወደኔ ዞረና በኔ ጥፋት የተሰደቡትን የወልቂጤና የቡታጅራ ሞተር ሻጮች ጌታ ይባርካቸው፣ ገበያቸውን ያስፋላቸው አለ። ቤቱ በሙሉ አሜን አለ።

እኔ ብቻ አላልኩም።